ለዘማቹ ቤት ማን ይሟገት?

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



በዓባይ ዳር የቆመውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም። የቆመው ከደርግ ጋር ሲዋጉ ለወደቁ ታጋዮች ነው፤ መታሰቢያው ይገባቸዋል። በየካቲት 1983 ዓ.ም. በጎንደርና በጎጃም መንገዶች ላይ ግን በሌላው ወገን ተሰልፎ የወደቀም ነበር። እሱም የገበሬ ልጅ ነው፤ እሱንም አጥብታ ያሳደገች፣ ስንቅ ቋጥራ የሸኘች እናት አለችው። ስሙ በሐውልት ላይ የለም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በመዝገብ ላይም በቀላሉ የማይገኝ መሆኑ ነው። ሐውልት ለሌለው ሰው ቤተሰቡ ያለቅስለታል፤ መዝገብ የሌለው ሰው ቤተሰብ ግን ይራባል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ቤተሰብ ነው። ከጦርነት አካሉ ጎድሎ ስለተመለሰው፣ ሳይመለስ ስለቀረው፣ የሁለቱንም ጉዳይ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ስለሚንከራተቱት ሚስቶች፣ እናቶችና ልጆች ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በዚህ አገር እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ዘማች አክብሯል፤ የቀደመውን መንግሥት ዘማች ግን ትቶታል። የተቆረጠ እግር ግን መንግሥት ስለተለወጠ አይበቅልም። ስለዚህ የዘማች ቤተሰብ ከየትኛውም መንግሥትና ከየትኛውም ግንባር ጋር የማይወድቅ፣ ጉዳዩን ይዞ እስከ መጨረሻው የሚከታተልለት ሰው ያስፈልገዋል።

ኢጣሊያን ከተዋጉት አርበኞች ልጀምር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ በጎጃም ከእነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ከእነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ከእነ በላይ ዘለቀ ጋር አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛ ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ስንቁን ከመንደሩ፣ ጥይቱን ከጠላት ነበር የሚያገኘው። ከድሉ በኋላ ለአርበኛና ለስደተኛ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ታዘዘ። መልካም ትእዛዝ ነበር። ነገር ግን ትእዛዝ መያዝና መሬት መያዝ ለየቅል ናቸው። ደጅ ለመጥናት አቅም ያለው፣ ጸሐፊ የሚያውቅ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚያሳድረው ዘመድ ያለው ሰው መሬቱን ለመረከብ ቀለለው፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ባላገር ስንቁ ሲያልቅ ከመመለስ በቀር ምን አማራጭ ነበረው? በላይ ዘለቀ ራሱ ደጃዝማች ተብሎ ተሾመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ከዚያ በፊት ግንቦት ሃያ ይባል ነበር። ስም መለዋወጡ ባይከፋም፣ የስሙ መነሣት ለዘማቹ ልጅ እንጀራ ሆኖለት እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

በቃኘው ሻለቃ ታሪክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሬን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳልኝ እሱ ነውና። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ኮሪያ ጦርነት ተሻገረ። ዘማቾቹ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። በዚያ ጦርነት 122 ኢትዮጵያውያን ወደቁ፣ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ አንድም ሰው አልነበረም። በቶንግዱቾን ከተማ ደግሞ ጦርነቱ ወላጅ አልባ ላደረጋቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው፣ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ያሳድጉ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ራሱ ከድሃ ቤት የወጣ ወታደር የማያውቀውን ሕዝብ ልጅ ሲያሳድግ! የዘማች ቤተሰብን መርዳት ማለት ምን እንደሆነ እነዚያ ወታደሮች እኛ ገና ሳንማር ያወቁት ነገር ነው።

እነሱስ ሲመለሱ ማን ደገፋቸው? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ በሙሉ የጥርጣሬ ዓይን ወደቀበት፤ ከኮሪያ የተመለሰውም ሰው የዚያው ጦር አባል ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲያጠብቅ ለደቡብ ኮሪያ መዝመት የሚነገር ታሪክ መሆኑ ቀረ። ሜዳሊያው በሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ቹንቾን በምትባለው የኮሪያ ከተማ ግን ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የተመረቀ፣ ለኢትዮጵያውያኑ የቆመ ሐውልት አለ፤ ኋላም መታሰቢያ ቤት ተሠርቶለታል። የኮሪያ ሰዎች ዛሬም የዘማቾቹን ልጆችና የልጅ ልጆች ያስተምራሉ። አመሰግናቸዋለሁ። ሆኖም ያሳዝናል፤ ወታደሮቹን የላካቸው መንግሥት የእኛው ነበር፤ ውለታውን የቆጠረው ግን ሌላ አገር ሆነ።

ወደ ደርግ ዘመን ስንመጣ አንድ ሊመሰገን የሚገባ ነገር አለ። ሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. ስትወርር ገበሬው በታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥኖ ዘመተ፤ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ድሉን በየዓመቱ እናከብራለን። ከዚያ ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች በአላጌ የሕፃናት አምባ ተመሠረተ፤ ልጆቹ በአንድ ግቢ እየበሉ፣ እየለበሱ፣ እየተማሩ አደጉ። በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ደግሞ ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት ተማሩ፤ ከመካከላቸው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ። ሥርዓቱ ስንት በደል እንደፈጸመ አውቃለሁ፤ ቤታችንን ያንኳኳ ነገር ነው። የሟች ወታደርን ልጅ ማስተማር ግን የመንግሥት ግዴታ መሆኑን በዚያ መጠን ያሳየ ሌላ ጊዜ አላውቅም። ድክመቱ ሁሉ ነገር በመሪውና በፓርቲው ዙሪያ መተከሉ ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ አምባውም አምባነቱ ቀረ፤ አላጌ ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምርኮኞችም ማንሳት አለብኝ። አብራሪው ለገሰ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ከቆየ በኋላ ነው በ1980 ዓ.ም. በምርኮኞች ልውውጥ አገሩ የገባው። አሥራ አንድ ዓመት ለቤተሰብ ምን ማለት ነው? ልጅ ተወልዶ አምስተኛ ክፍል ይደርሳል። እናት ትሞታለች። ይህን ጊዜ ያሳለፉ ብዙ ቤቶች አሉ፤ ስማቸውን የምናውቀው ጥቂቱን ነው።

1983 ዓ.ም. መጣ። ያ ትልቅ ሠራዊት ተበተነ። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የአካል ጉዳተኛ ተዋጊዎች መቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ 455 ሺህ ያህል ወታደሮችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ ጀመረ። በአፍሪካ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከተሠሩት ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ገጠር የተመለሰው ቢያንስ መሬት ነበረው፤ እህልና ዘር ተሰጠው፣ ጎረቤትም ተቀበለው። ከተማ የቀረው ግን ለወራት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይዞ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ከኤርትራ ተፈናቅለው የመጡ የወታደር ሚስቶችና ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ በላስቲክ ዳስ ለዓመታት ኖሩ። ‹‹የደርግ ወታደር›› የሚለው መጠሪያ ስድብ ሆነ። አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለ ሻምበል የሱቅ ዘበኛ ሆኖ ሲያድር በየከተማችን አይተናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁላችሁም ኖራችሁበታል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ተዋጋን፤ ከጦርነቱ በኋላ ተዋጊዎችን ለማሰናበትና ለማቋቋም የዓለም ባንክ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ መደበ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ብሔራዊ ተሀድሶ ኮሚሽንም ተቋቁሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመመለስ አቀደ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በራሳችን ክልል የወንድማማቾች ደም እየፈሰሰ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ ልጅ መከላከያ፣ ሌላው ሚሊሻ፣ ሦስተኛው ፋኖ የሆነበት ቤት አለ። የእነዚያ ልጆች እናት አንዲት ናት። እሷ ስትመጣ ‹‹የትኛው ልጅሽ ነው?›› ብሎ የሚመርጥ አገልግሎት አገልግሎት አይባልም።

አሁን ወደ ቢሮው እንግባ፤ ዋናው ፍልሚያ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ጡረታ ምጽዋት አይደለም። በሕጋችን የመከላከያ ሠራዊት አባል ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ መንግሥት ደግሞ ለእሱ 25 በመቶ ይጨምራል፤ ለሲቪል ሠራተኛው የሚጨምረው 11 በመቶ ነው። ልዩነቱ የተቀመጠው ሥራው ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ ነው። ወታደሩ በግዳጅ ላይ ቢሞት ለተተኪዎቹ አበል አለ፤ ለሚስት ወይም ለባል ከጡረታ አበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ 20 በመቶ፣ በእሱ ይተዳደሩ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ። ውሳኔ የተሰጠበት ሰው ቅር ካለው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ይህን ጉባኤ ስንቶቻችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሕጉ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሻሻለ ሦስት ሥርዓቶችን ተሻግሯል። ሜዳሊያውም ሐውልቱም ከመንግሥት ጋር ሲለዋወጡ የጡረታ ሕጉ መሠረት ግን ቆሟል፤ ተስፋዬን የምጥለው በእሱ ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ሕጉ የማያያቸው መኖራቸውም መነገር አለበት። ደመወዝ የማይከፈለው ሚሊሻ መዋጮ የለውም፤ መዋጮ ስለሌለው በዚህ ጡረታ ውስጥ የለም። ተጠርቶ ዘምቶ፣ ቆስሎ ተመልሶ፣ ማረሻ መጨበጥ ያቃተው ገበሬ በዕርዳታና በዘመድ ላይ ተጥሏል። ይህ ክፍተት በሕግ መደፈን አለበት፤ የክልሉም የፌዴራሉም ምክር ቤት ጉዳይ ነው፤ የምርጫ ተወካዮቻችሁን ጠይቁበት።

መብት ያለውስ እንዴት ያገኘዋል? ከጢስ ዓባይ አካባቢ የመጣች አንዲት ሴት እናስብ። ባሏ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ነው የተቀጠረው፤ እንዳይፈለግ ብሎ በሌላ ስም ተመዘገበ። የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ የወረቀት ማስረጃ የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የመጀመሪያ ልጃቸው የልደት ሰርተፍኬት የለውም፤ ያሉት የክርስትና ስሙን የሚያውቁ ቄስ ናቸው። ባሏ ሞተ። ቀበሌ ስትሄድ የጋብቻ ማስረጃ ተባለች፤ ለማስረጃው ፍርድ ቤት፣ ለፍርድ ቤቱ ምስክር፣ ለምስክሩ የትራንስፖርት ገንዘብ። ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን ቢያጸናላት በፍርዱ ላይ ያለው የባሏ ስም ከሠራዊቱ መዝገብ ጋር አይገናኝም። እንደገና ሌላ መዝገብ ማስከፈት። እስከዚያው የዘገየው ክፍያ ይርጋ እየበላው ይሄዳል። ይህችን ሴት በየትኛውም ደረጃ የተቀበሏት ሠራተኞች ክፉዎች አይደሉም እንበል፤ እያንዳንዱ የራሱን ጠረጴዛ ሥራ በትክክል ሠርቷል። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያሻግራት ሰው ግን አልነበራትም። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ እንደ ተፈታ ሐር ነው፤ ጫፉን የሚያውቅ ሰው ከያዘው ይተረተራል፣ የማያውቅ ከጎተተው ይቋጠራል።

ከሞተው ይልቅ የከፋው የጠፋው ነው። መርዶ ያልደረሰው ቤት ድንኳን አይተከልበትም፣ ተዝካር አይወጣበትም። ሚስት መበለት አይደለችም፣ ባለትዳርም አይደለችም። እናት ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በር ታያለች። በዚህ ላይ ደመወዙ ቆሞ፣ የጡረታ አበሉ ደግሞ ‹‹ሞቱ አልተረጋገጠም›› ተብሎ ሳይጀመር ይቆያል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መንገድ አለው። በአንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ከጠፋና ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቅም። አውቆም የማይሄድ አለ፤ ‹‹ልጄን በገዛ እጄ ገደልሁት ማለት ነው›› የሚሉ እናቶች አሉና። እነሱን በሕግ ቁጥር ማስረዳት አይበቃም፤ የሚረጋ፣ የሚያዳምጥ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚመለስ ሰው ይፈልጋሉ። ደብዛው የጠፋን ሰው ለማፈላለግ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጥያቄ ይቀበላሉ። ፍርድ ቤቱን ከመጠየቅ ጎን ለጎን ይህንንም መንገድ መሞከር ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቆስሎ የተመለሰውን በተመለከተ ከተማችን አንድ ሀብት አላት፤ የባሕር ዳር የአካል ተሀድሶ ማዕከል። በቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ሰው ሠራሽ እግር፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር የሚገኝበት ነው። ነገር ግን ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚቀር አይደለም። ማሰሪያው ይላላል፣ የተቆረጠው ቦታ ይሳሳል፣ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት። በደረቅ ወቅት አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሚረግጥ ገበሬ ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። ከአዴት ወይም ከመርዓዊ ተነሥቶ ለመምጣት የመኪናና የማደሪያ ገንዘብ የሌለው ሰው እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በዱላ ይሄዳል። የጎደለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚጠፋው ግን የሰውዬው ሥራ ነው።

የማይታየው ቁስልስ? ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ፣ ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የሚገባ፣ አረቄ ካልጠጣ የማይተኛ፣ ልጁን በሆነ ባልሆነው የሚመታ አባት በየሰፈሩ አለ። ‹‹ጦርነት አሳበደው›› ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይባላል። ሚስቱ ሁሉንም ተሸክማ ለማንም አትናገርም። በሽታ ነው፤ ሕክምና አለው። በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች መጠየቅ ይቻላል። ጠበል የሚሄደውን አልከለክልም፤ ብዙ ሰው እዚያ ሰላም አግኝቷል። ካህናቱን የምለምነው መድኃኒቱን እንዲያስጥሉት ሳይሆን ከጠበሉ ጋር እንዲወስድ እንዲመክሩት ነው። ሐኪሙንም የምለምነው በጠበሉ እንዳይዘብት ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ ምን አደረጉ? ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የአካል ጉዳተኛ ዘማቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920፣ በእንግሊዝ ሮያል ብሪቲሽ ሌጅን በ1921 ተመሠረቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው ሕግ 7.8 ሚሊዮን ያህል ተመላሽ ወታደሮች ተምረዋል ወይም ሙያ ሠልጥነዋል። ያንን የሚያህል ገንዘብ የለንም፤ ላወዳድር አልሻም። ከእነሱ ልንወስደው የምንችለው ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ልማድ ግን አለ። በማኅበሮቹ ውስጥ ሕጉን የተማረ፣ ቅጹን ከዘማቹ ጋር ተቀምጦ የሚሞላ፣ ይግባኙን አብሮ የሚጽፍ፣ ዋጋ የማይጠይቅ ሰው አለ። ይህ ሰው የመንግሥት ሹም አይደለም፤ የፓርቲም ሰው አይደለም። የሚጠየቀው ስንት ሰልፍ ወጣ ተብሎ ሳይሆን ስንት መዝገብ አስዘጋ ተብሎ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው ፔዳ ማፍራት ትችላለች። ይህ ግቢ በ1965 ዓ.ም. አካባቢ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው ወደ ሕዝብ የሚወጣ ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ፤ ሶሻል ወርክ አለ፤ ሥነ ልቦና አለ፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል አለ። አራቱ በየፊናቸው ናቸው። የእኔ ሐሳብ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ነው። የሕግ ተማሪው አቤቱታውን ይጽፋል፤ የሶሻል ወርኩ ባለጉዳዩን ይዞ ከቀበሌ እስከ ጡረታ ቢሮ አብሮ ይሄዳል፤ ሥነ ልቦናው ያዳምጣል፣ ወደ ሆስፒታል የሚላከውን ይለያል፤ የታሪኩ ተማሪ ሽማግሌው ዘማች ከማለፉ በፊት ቃሉን ይመዘግባል፤ የክፍሉን ስም፣ የአዛዡን ስም፣ የወደቀበትን ቦታ የሚያስታውስ ምስክር ለጡረታ ጉዳይም ማስረጃ ነውና። ጠረጴዛው ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ‹‹ምን ጎደለህ፣ ምን ጎደለሽ?›› ይሁን። ከየትኛው ግንባር እንደመጣ አይጠየቅ። ይህን መርህ የማይቀበል አካል ገንዘብ ቢሰጥም አንቀበለው።

ተማሪ ግን ይመረቃል፣ ይሄዳል። ጉዳዩ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ መዝገቡ ከእኛ ዘንድ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ከሁሉ ይልቅ የማምነው እድርን ነው። እድር ከንጉሡም ከደርግም ከኢሕአዴግም ተርፏል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዘመተ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እዚህ ያላችሁ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ። ከአባላቱ ቤት የዘመተውን ሰው ሁሉ ከነአያቱ ስሙን ጻፉ፤ ሲቀጠር ሌላ ስም ተጠቅሞ ከነበረ ያንንም ጻፉ፤ የወጣበትን ቀን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ መጨረሻ የደወለበትን ወይም የጻፈበትን ጊዜ ጨምሩ። መታወቂያውን፣ የደመወዝ ውክልናውን፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀቱን፣ ፎቶግራፉን፣ የጋብቻና የክርስትና ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን በእድሩ ሣጥን፣ አንዱን በቤተሰቡ ዘንድ አስቀምጡ። በሽማግሌ የተጋቡ ባልና ሚስት ካሉ ዘማቹ በሕይወት ሳለ ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እንዲያስመዘግቡ ገፋፉ፤ ልጆቻቸውንም እንዲሁ። ለእረፍት የመጣ ወታደር ካለ ሳይመለስ በፊት ይህ ይጠናቀቅ።